ሁሉን ነገር ቅርብ የሚያደርገው ካሜራ

ሰኞ፣ መጋቢት 5 ቀን 2008

ዛሬም ዋሸ። ግድግዳው ሁለት ሜትር እንደሚርቅ በሜትር ለክቼ አረጋግጫለሁ፤ ርቀት የሚለካው ካሜራዬ ግን ግማሽ ሜትር አይሞላም ይላል። አጥፍቼ አበራሁት። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጣት እንኳ አይስትም ነበር።

የመመረቂያ ሥራዬ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልንገበገብም። አባዬ ግን ደረቱ ላይ አስሮ ሊሄድበት ነው። ፊቱ ያለው ነገር ሲቀርበው መሣሪያው እንደ ስልክ ይነዝረዋል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ መስጊድ የሚሄደው በእኔ ወይም በእማዬ ክንድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ለኖረ ሰው ይህ ይመራል። ለጁምዓ ብቻዬን እሄዳለሁ ብሏል። ቃል የገባሁለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

ፀሐይዋን ጠረጠርኩ። ካሜራው ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይረጫል፤ ፊት ያለውን ነገር ነክቶ ሲመለስለት ርቀቱን ያውቃል። ፀሐይ ስትበረታ ያ ብርሃን ይጠፋበታል። ስለዚህ ጥላ ፍለጋ አባዬን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ፣ ከኪዳነ ምሕረት በላይ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ወዳለበት።

እዚያማ ባሰበት። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ዳር ይዘው መንገዱን ለቀቁለት። አባዬ ግን እየነዘረው፣ ፊቱ ምንም ሳይኖር እጁን ዘርግቶ አየሩን ይዳብሳል። አፈርኩ። ታክሲ ውስጥ አይዞሽ አለኝ። አይዞሽ ማለቱ ነው ያንገበገበኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

 አባዬ እኔ ሳልኖር ካሜራውን አስሮ ወጥቷል። መንገዱን ሁሉ ሲነዝረው ቆይቶ ሲግናል ሰፈር መሐል አስፋልት ላይ ሲደርስ በረታበት። ግድግዳ መስሎት ቆመ። አንድ ሚኒባስ ፍሬን ያዘ፤ አባዬ ለጥቂት ተረፈ። ባለሱቁ ጎረቤታችን ነው እጁን ይዞ ያመጣው።

እማዬ ይቅርብን፣ ሰው እየመራው ይሂድ አለች። አባዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8

የጠረጠርኳቸው፦ ፀሐይ፣ ባትሪ፣ ሙቀት፣ ገመድ፣ እኔ።

ከሰዓት በኋላ ለአባዬ ዜና ልከፍትለት ሪሞቱን አነሳሁ። በላስቲክ ተጠቅልሏል። እኛ ቤት አዲስ ዕቃ ሁሉ ላስቲክ ይለብሳል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማየው ልብ አልለውም። ሪሞቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ካሜራውን ወስጄ መስኮት ጋ አየሁት። ፊቱ ላይ ስስ ላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ተወጥሯል፣ ከኋላ በፕላስተር ተይዟል። ብርሃኑ ገና ከመውጣቱ ላስቲኩ ላይ እየነጠረ ይመለስ ነበር። ሁሉ ነገር ቅርብ የሆነበት ለዚህ ነው።

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው» አለች እማዬ።

ልቆጣ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት። ትናንት አባዬን መሐል አስፋልት ላይ ያቆመው ምን እንደሆነ ገብቷታል። ላስቲኩን እሷው ራሷ ላጠችው። ለካሁ፤ ልክ ነው። ደጋግሜ ለካሁ፤ ልክ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 9

ሄደ። እንዳትከተሉኝ ብሎ አስምሎን ነው የሄደው። እኔና እማዬ በር ላይ ቆምን።

ሰላቱ ካለቀ በኋላ ካፊያ ጀመረ። ሌሎቹ ጎረቤቶች ገቡ፤ እሱ የለም። እማዬ ሻርፗን ደርባ ልትወጣ ስትል ከጥጉ ብቅ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ አጥሩን በከዘራው እየነካ። ደረቱ ላይ ምንም የለም። ካሜራው የወደቀበት መሰለኝ።

ኮቱን ከፈተ። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል።

«ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ነው» አለ። «የለፋሽበት አይደል?»

ማን አመጣህ አልኩት። ማንም አላመጣኝም አለ። ስሄድ እየነዘረኝ መንገዱን ለመድኩት፣ ስመለስ በከዘራዬ መጣሁ አለ።

እማዬ አለቀሰች። እኔ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። ፌስታሉን ፈትቼ አየሁት፣ ጠብታ አልነካውም። ከእንግዲህ ይፈልገው እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም።