የቦርሳ ቤቱ አፍ

እሁድ፣ ጥር 18 ቀን

ውዷ እትዬ፣

እኔ እንደ አንበሳ ነኝ፣ አታስቢ። አንቺስ? ወገብሽ ተሻለሽ? አሠሪሽ አሁንም ስልክሽን ትቆልፍብሻለች? ይቺን ወረቀት አብራሽ የምትሠራው ልጅ ከእረፍቷ ስትመለስ ታደርስልሻለች። የበፊቶቹ መንገድ ላይ ጠፍተው መሆን አለበት። ቢደርሱሽማ ትመልሺልኝ ነበር፣ አውቅሻለሁ።

ሥራ ይዣለሁ! ከአውቶቡስ ተራው ሸክም ተገላገልኩ። ከየጋራዡ የተጣለ የጎማ ላስቲክ ሰብስበን፣ አጥበን፣ ቆርጠን ቦርሳ እንሰፋለን። ከእኔና ከሥራ አስኪያጇ በቀር የሠራተኛው ሁሉ ጆሮ አይሰማም። ቤቱ የተከፈተውም ለዚሁ ነው፤ የትም ሄደው ማንም አልቀጥር ያላቸው ሰዎች በላባቸው እንዲያድሩ። ትርፉም የማንም ኪስ አይገባ፣ ማሽን ይገዛበታል፣ ሌላ ሰው ይቀጠርበታል። እኔን የወሰዱኝ ጉልበቴን አይተው ነው። አፌንም። ጋራዥ ሄዶ የሚከራከር፣ ደንበኛ የሚያናግር ወንድ አጥተው ነበር። እዚያ ሁሉም በእጅ የሚጠራበት ስም አለው። እኔን ሲጠሩኝ ጣታቸውን እንደ ዳክዬ አፍ ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። አትሳቂ፣ ክብር ነው።

ብቻ እዚያ ቤት ጉራ አይሠራም። እንዳንቺ «ኧረ ባክህ!» የሚልሽ የለም። እነሱ በእጃቸው ይተራረባሉ፣ ይስቃሉ፣ ይጣላሉ፤ እኔ የማውቀው «ና»ን፣ «አንሳ»ን እና «ጎማ»ን ነው። ስለዚህ ላስቲክ ሳጥብ ብቻዬን አወራለሁ። ማለቴ ለአንቺ አወራለሁ። ማን ሊሰማኝ ብዬ!

ታዲያ በዚህ ሳምንት የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቅበት ነበር። እዚያ ሰው የሚቀረው ሠራተኛው እጅ ሲያወጣለት ነው፤ ካላወጣለት መሰናበት። እኔማ ምን ያሰጋኛል፣ እንደኔ የሚሸከም ከየት ይመጣል ብዬ ነበር።

ሐሙስ አንዲት ባለሱቅ መጣች። «አንተ ጎረምሳ፣ መቶ ቦርሳ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል?» አለችኝ።

«ለሚቀጥለው ወር? ለሰኞ ይውሰዱ እንጂ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። ደስ ብሏት ወጣች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ላስቲክ ቆራጯ መቀሷን አስቀመጠች። ይቺ ሴትዮ የሁላችን አለቃ ናት፤ ወፍራም መነጽር አላት፣ ስትቆጣ መነጽሯም የሚቆጣ ይመስላል። ተነስታ መብራቱን አጥፍታ አበራችው። እዚያ ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው። ማሽኑ ሁሉ ቀጥ አለ፣ ከበቡኝ። እሷ በእጇ ስትናገር ሥራ አስኪያጇ ትተረጉምልኛለች።

«ማንን ጠይቀህ ነው ሰኞ ያልከው? መቶውን ቦርሳ በምላስህ ልትሰፋው ነው?»

ክው አልኩ። «እንዴት ሰማችኝ?»

«አልሰማሁህም፣ አየሁህ። ከንፈር አነባለሁ። ከመጣህ ጀምሮ የምትለውን ሁሉ አይቻለሁ፤ እያጠብክ ለእህትህ የምትላትንም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ዘፈን ነው» አልኩ።

«ዘፋኙ ታዲያ ለምን ያለቅሳል?»

በሳቅ ፈነዱ። ምን ብዬሽ እንደነበር አልጽፈውም፣ ተራ ወሬ ነው። የማጠቢያው ሳሙና ደግሞ ዓይን ያቃጥላል።

ሮጬ ባለሱቋን መንገድ ላይ ያዝኳት። «እመቤቴ፣ ሰኞ ያልኩት ጉራ ነው። ባለሙያዎቹን ልጠይቅልዎ» አልኳት። እየተነጫነጨች ተመለሰች። ቆራጯ ጣቷን አውጥታ ሦስት ሳምንት አለች፤ ባለሱቋ ተስማማች። ባለሱቋ ወጥታ በሩን ገና ሳትዘጋ ቆራጯ «በሉ፣ የዚህ ልጅ ነገር አሁኑኑ ይወሰን» አለች።

እጅ ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አቧራ ገብቶብኝ። ስገልጥ ብዙ እጅ ወጥቷል። ቀረሁልሽ እትዬ! የቆራጯ እጅ ግን አልወጣም። «ይቆይ፣ አልጠላሁትም» አለች። «ግን እኛን ለራሱ ብሎ አንድ ነገር ጠይቆን አያውቅም። ሁልጊዜ መናገር ነው።»

አርብ ምሳ ሰዓት፣ እንደ ልማዴ ጎማ ክምር ላይ ልወጣ ነበር። እነሱ የሚበሉበት ጠረጴዛ ለኔ ትከሻ ይጠባል ብዬ ነው እንጂ እስከዛሬ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሥራ አስኪያጇን በእጅ እንዴት እንደሚባል ጠይቄ አጠናሁ። ቆራጯ ፊት ቆሜ በእጄ «እዚህ ልቀመጥ?» አልኩ። ጣቴን አሳስቼ ደገምኩት፤ ብርድ ነበር። መነጽሯን አስተካከለች። ከዚያ ምሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጠጋ አለችልኝ። አፌን ዘግቼ በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳ የለም፣ ደረቅ ዳቦ ነበር።

ዛሬ እሁድ ነው፣ ሥራ ዝግ ነው። ቤታችን ጭጭ ብሏል። አልጋሽን እንዳለ ነው የተውኩት፤ እንግዳ ቢመጣ ብዬ። የእጄን ጥላ ግድግዳው ላይ እያየሁ ምልክት ስለማመድ ዋልኩ፣ መልስ የሚሰጥ ስለሌለ ቶሎ ያልቃል። ነገ ሰኞ ነው፣ ከዶሮ በፊት ነው የምነሳው።

ወገብሽን ከሕመም፣ ልብሽን ከሰው ቤት ክፉ ቃል ይጠብቅልሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ እግርሽ በሰላም ወደ ደጃችን ይመለስ።

ለመጻፍ ካልተመቸሽ ባዶ ወረቀት አጥፈሽ ላኪልኝ። ናፍቀሽኝ አይደለም፣ መድረሱን ለማወቅ ነው።

ጀግናው ወንድምሽ