ወይዘሮ ሸዋወርቅ ንዋይ፦ የጣቢያው መንገድ እመቤት (1926–1983 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ንዋይ ከአባታቸው ከአቶ ንዋይ በሻህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሻለች ይርጉ በ1926 ዓ.ም. በሞጆ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጥረዋል፤ ዳዊትም ደግመዋል። እናታቸው ለባቡር መንገደኞች ምግብ እያበሰሉ ይሸጡ ስለነበር፣ የራበውን ሰው ከአረማመዱ መለየትን የተማሩት ግን ከእናታቸው ጓዳ ነው።

በ1944 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ተክለሃይማኖት ወልዴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኑሯቸውን ናዝሬት አደረጉ፤ ጤናዬንና ጎበናንም ወለዱ። በ1952 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ምግብ ቤታቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ መንገዱ የሞቀ ነበር። የወንጂ ሠራተኛ ደመወዝ ሲቀበል፣ የአሰብ ሾፌር ሲያልፍ፣ ጨርቅ ሻጩም ልብስ ሰፊውም ኬክ ቤቱም የድርሻቸውን ያገኙ ነበር። እውነቱን ለመናገር ወይዘሮ ሸዋወርቅ ቁጡ ነበሩ፤ ወጡ ጨው በዝቶበታል ያለ ደንበኛ በቀላሉ አይላቀቃቸውም። የመንገዱ ነገር ሲነሳ ግን ሆደ ቡቡ ነበሩ።

ግድግዳ የሚጋሯቸው ወይዘሮ ፋዲላም ምግብ ቤት ነበራቸው። አንዱ ቤት የክርስቲያን ሥጋ፣ ሌላው የእስላም ሥጋ ስለሚሠራ ደንበኛቸው ለየብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች ታዲያ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። በዐቢይ ጾም የወይዘሮ ሸዋወርቅ ቤት ሲቀዘቅዝ አስተናጋጆቻቸው ወደ ወይዘሮ ፋዲላ ይሻገራሉ፤ ወይዘሮ ፋዲላ ረመዳንን ሲዘጉ ደግሞ የእሳቸው ሠራተኞች ወደ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ይመጣሉ። በጾም ምክንያት እንጀራው የተቋረጠ ሠራተኛ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. ቤቶቹ ወደ መንግሥት ሲዞሩ ሁለቱም ተከራይ ሆኑ። አቶ ተክለሃይማኖት በ1971 ዓ.ም. አረፉ። መንገዱም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ፤ ጨርቅ ሻጩ ዕቃ አጥቶ ዘጋ፤ ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ኬክ ቤቱ ስኳር አጥቶ ተዘጋ።

በ1981 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራረቡ። በዚያው ሰሞን አንድ ወር ተዘግቶ የተገኘ ቤት ለመጋዘን ይሰጣል የሚል የቀበሌ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወይዘሮ ፋዲላ እንዳይከፍቱ ከሰል ጠፍቷል፣ ጿሚው የሚያፈጥረው በየቤቱ ነው፤ እንዳይዘጉ ቤቱን መነጠቃቸው ነው። ሠራተኞቻቸውን የሚያሻግሩበት የወይዘሮ ሸዋወርቅ ቤትም ባዶውን ነበር። ወይዘሮ ሸዋወርቅን “የፋዲላን ቤት ይጠይቁና ግድግዳውን አፍርሰው ያስፉት” ብለው የመከሯቸው አልጠፉም። በዚህ ምክር ክፉኛ ተቆጡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጎረቤታቸው ገቡ።

“ፋዲ፣ ሥጋ ከሌለበት እኔና አንቺን ምን ይለየናል? በአንድ እሳት እንሥራ” አሉ።

“እትዬ ሸዋ፣ ሰው ምን ይለናል?”

“ርቦት ከመጣ ምን ይላል? ይበላል እንጂ!”

ሽሮውና ጎመኑ፣ የምስር ሾርባውና የምስር ሳምቡሳው ከአንድ ምድጃ ይወጣ ጀመር። ጠረጴዛውን ከሁለቱ በሮች ፊት ለፊት አወጡት። በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ የወጣው ምእመን ይበላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤቱ ሩቅ የሆነው ሾፌርና የወንጂ ሠራተኛ በዚያው ወንበር ተቀምጦ ያፈጥራል። ሰው መመላለሱን ያየው ልብስ ሰፊ እስከ ማታ መሥራት ጀመረ፤ ለፋሲካም ለኢድም የሚሰፋው ልብስ በዛለት። በዚያ ወር ከመንገዱ አንድም በር አልተዘጋም። ጾሙ ሲፈታ ሁለቱም ወደየድስታቸው ተመለሱ፤ በ1982 ዓ.ም. ጾሞቹ ሲገናኙም ምድጃው እንደገና አንድ ሆነ።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ከጥቅምት ወር ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ታኅሣሥ 11 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐርፈዋል። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። አልጋ ላይ ሳሉ የለመኑት አንድ ነገር ነው፦ “እኔን ለመቅበር ብላችሁ መንገዱን እንዳትዘጉ።” ሱቁን ዘግቶ መቅበር የአክብሮት ወግ ነውና የመንገዱ ነጋዴዎች ሁላችንም እምቢ አልን። እሺ ያሏቸው ወይዘሮ ፋዲላ ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ፋዲላን በዚህ ቀብር ላይ በዓይናችሁ የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። የሉም። ሁለቱንም በር ከፍተው፣ እያለቀሱ የጾም ምሳችንን እየሠሩ ነው፤ ከዚህ ስንመለስ ሁላችንም እዚያ እንበላለን።

ቸሩ እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ ከአብርሃም ማዕድ ያስቀምጥልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውና በሥራ ላይ ላሉት እኅታቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።