ባቡር ላይ ጥዬው ስለወረድሁት ባለቤቴ

ለባቡር ድርጅቱ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ኃላፊ
ሄልሲንኪ

ቀን፦ ኦገስት 14 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.
ማሪየሃምን፣ ኦላንድ

ጉዳዩ፦ ሰማያዊ ቦርሳዬ በጨረታ እንዳይሸጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች አይላ ኮርቴላህቲ፣ የኬሚ ከተማ ነዋሪና ጡረታ የወጣሁ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ይህን የምጽፈው ፊቴ በሐፍረት እየነደደ መሆኑን በቅድሚያ እገልጻለሁ።

1. ባለፈው ሳምንት ታምፔሬ ላይ ባቡር ቀይሬ፣ ከቱርኩ ደግሞ በመርከብ ወደ ኦላንድ ደሴት ልሻገር ከኬሚ ተነሣሁ። ቦርሳዬን ከፊት ለፊቴ ካለው ወንበር በላይ፣ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ አኖርሁት። ኦሉ ከተማ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ገብቶ ከሥሩ ተቀመጠ፤ እግሩን ዘርግቶም እንቅልፍ ወሰደው።

2. ታምፔሬ ስንደርስ ቦርሳውን ለማውረድ ሰውየውን መቀስቀስ ነበረብኝ። የማላውቀውን ሰው! አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ እኛ ዘንድ ይህም ድፍረት ነው። አልነቃም። በሩ ሊዘጋ ሲል እኔ ወረድሁ፣ ቦርሳው ወደ ሄልሲንኪ ሄደ። ክቡርነትዎ የዚሁ አገር ሰው ስለሆኑ፣ ሌላው ቢስቅብኝም እርስዎ ይረዱልኛል።

3. በማግስቱ ወደ ክፍልዎ ስደውል አንዲት ወጣት ሠራተኛ ቦርሳው መገኘቱን፣ ነገር ግን የራሴ መሆኑን ካላስረዳሁ በወሩ መጨረሻ ለጨረታ እንደሚቀርብ ነገረችኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። «ሹራብ» አልሁ። «እትዬ፣ ሹራብማ እዚህ ሞልቷል፤ ሌላ ምን አለው?» ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁት።

4. እነሆ አሁን ልናገር። በሹራቡ የተጠቀለለው የባለቤቴ የሆልገር አመድ ነው። የኦላንድ ልጅ ነበር፤ ተወልዶ ያደገበት ባሕር ላይ እንድበትነው ተናዝዟል። ሆልገር ባቡር ውስጥ ያገኘውን ሁሉ የሚያዋራ፣ የተኛውን እንኳ ቀስቅሶ ቡና የሚያካፍል ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ትዳራችንን ሙሉ በክርኔ እየጎሸምሁት «ኧረ ዝም በል፣ ሰው ያየናል!» ስለው ኖሬአለሁ።

5. ወደቡ ላይ እኅቱ ጉንቮር ጀልባዋን አዘጋጅታ፣ ዘመድ አዝማድ ሰብስባ ጠበቀችኝ። ባዶ እጄን አይታ «ወንድሜስ?» አለች። አስከሬን ማቃጠያው ቤት አዘገየው ብዬ ዋሸሁ። «ወይ ሆልገር! ለሠርጉም አርፍዶ ነው የመጣው!» ብላ ሳቀች። ዘመዶቹም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቷ ተቀምጬ፣ ያጠመደችውን ዓሣ እየበላሁ፣ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል።

ስለሆነም ቦርሳው ከጨረታው እንዲወጣልኝና ሳይከፈት እንዲቆይልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በፖስታ ይላክልኝ አልልም፤ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አድርሼ ስመለስ ለጉንቮር እውነቱን እነግራታለሁ፤ የፈለገችውን ትበለኝ።

በመልሱ ጉዞ ሆልገርን ዕቃ ማስቀመጫው ላይ አላወጣውም፤ ጭኔ ላይ ይቀመጣል። አጠገባችን የሚቀመጠው ሰው ምን እንደታቀፍሁ ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ባይጠይቀኝም እነግረዋለሁ።

ከይቅርታና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አይላ ኮርቴላህቲ
የሆልገር ባለቤት