የናህላ ስንዴ

ሆምስ፣ በልደት ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.

ለምወድሽ ልጄ ለናህላ፣

እንደምን ከርመሻል? ሙንዚር ደህና ነው? ልጅሽ ያራ ጥርሷን መንቀል ጀመረች? ቴሌግራም ልልክልሽ ፖስታ ቤት ደርሼ ነበር፤ መርዶን በሁለት ቃል መንገር አልሆንልሽ ብሎኝ ተመለስኩ። ልጄ፣ አባትሽ ዐርፏል። ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ያ የደረቱ ሕመም ከበጋ ጀምሮ አልጋ ላይ አውሎት ነበር። ሲሄድ ግን አልተሠቃየም፣ ነፍሱን ይማርልን።

ዘንድሮ ልደትና ዓረፋ በአንድ ሰሞን ገጥመው ሰፈሩ ሁለት በዓል አለው። እኛ ቤት ግን ጌታ የተወለደበትን የሚያሳየው የወረቀት ዋሻም አልተሠራ፣ ሻማም አልበራ። ሐዘን ቤት ጣፋጭ እንደማይጋገር ታውቂያለሽ። ጎረቤታችን ሐጃ ወፊቃም ልጆቿ ለዓረፋ ኬክ ሊያቦኩ ሲሉ ከለከለቻቸው። ምራቷ፣ «ሐዘኑ የክርስቲያኖቹ፣ በዓሉ የኛ፣ ምን አገናኘው?» ብትላት፣ «ግድግዳችን አንድ ነው። የኬኩ ሽታ ሃይማኖት ጠይቆ አይገባም» አለቻት። ምራቲቱ እስካሁን እንዳኮረፈች ናት።

በቅድስት ባርባራ ቀን፣ ልደት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ለእያንዳንዳችን በየሳህኑ ጥጥ ላይ ስንዴ እንደምንዘራ፣ ለልደት ሲለመልም ዋሻው ሥር እንደምናኖረው መቼም አልረሳሽም። ሙንዚርን ያለ ፈቃዱ አግብተሽ ከሄድሽ ወዲህ አባትሽ ስምሽ እንዳይነሣ ከልክሎ ነበር። ዘንድሮ ግን ያንቺን ሳህን በገዛ እጁ ዘራልሽ።

እዚህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ጥዬ ተነሣሁ። በሙት ስም አልዋሽም፣ ልጄ። የዘራሁት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ስዘራልሽ፣ ስድስቱንም ጊዜ «ይሄ የማነው? አንሺው» ይለኝ ነበር። እያነሣሁ ለሐጃ ወፊቃ እሰጣታለሁ፣ እሷ ቤት ይበቅላል። ሐጃ ቤት የሚያድግ የልደት ስንዴ መቼም ካንቺ በቀር ያለው ሰው የለም።

ዘንድሮ ከአልጋው ፊት ለፊት፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። አተኩሮ አየው። እኔም ቁጣውን እየጠበቅሁ ቆምኩ።

«እዚያ ፀሐይ አያገኝም። ወደ መስኮቱ አስጠጊው» አለኝ።

ከዚያ ፊቱን አዞረ። የማን እንደሆነ ግን ያውቃል። ይቅርታ ነው ወይ ብትዪኝ፣ አላውቅም። አልጠየቅሁትም፤ ፈራሁ፣ መልሶ አንሺው ቢለኝስ ብዬ። አሁን አለመጠየቄ ያንገበግበኛል። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሻለሁ፤ የቀረውን አንቺ ፍረጂ፣ የአባትሽን ጠባይ ታውቂዋለሽ።

ለአርባው ድረሺ። ሙንዚርንም ያራንም ይዘሽ ነይ፤ ሐጃ ወፊቃ አልጋ አዘጋጅታለች። እመቤታችን በመንገድሽ ትቅደም፣ የልጅሽን እድገት ያሳይሽ።

ስንዴው አንድ ስንዝር ሆኗል፤ እስክትመጪ ውሃ አልነሣውም። አሁን አንሺው የሚለኝ የለም። ምነው በኖረ።

እናትሽ ወርዴ