በጠመኔ ምልክት የተደረገበት እጅጌ

ጥቅምት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ልደታ

ዛሬ የልጄ የሰናይት የስፌት አሰልጣኝ ከሜክሲኮ አደባባይ መጥታ፣ ልጄ ከመሞቷ በፊት ለምዘና የሰፋችውን ሸሚዝ ሰጠችኝ። ቀኝ እጅጌው ላይ የጠመኔ ምልክት አለ።

«ምዘናውን ወድቃ ነበር?» አልኳት።

«ኧረ እማማ፣ እኛ ጋ ወደቀች አይባልም። ገና ናት ነው የምንለው። እጅጌው ተጨማዶባት ፈትተሽ ድገሚው ብያት ነበር። የቀራት እሱ ብቻ ነው።»

ስትሄድ መርፌ አወጣሁ። ስፌት እኔም እችላለሁ። ልጨርስላት ብዬ ትንሽ እንደፈታሁ መርፌውን አስቀመጥኩ። ባስተካክለው የእኔ ሥራ ይሆናል። ብተወው ልጄ ገና እንደተባለች ትቀራለች።

ጠመኔው እንዳይጠፋ ሸሚዙን ሳላጥፍ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁት። የፈታሁት ክር እጄ ላይ ነው። የእሷ ስፌት ነበር።