ጦስኙን የነቀልኩበት ሳምንት

ሰኞ

በጦርነቱ መብራት ከጠፋ ወዲህ ፍሪጁ የጫማ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ዛሬ ደግሞ ፍሪጅ አስፈለገን። ጎረቤታችን ነርሷ ሲስተር ዘይነባ ለባለቤቴ ለእታፈራሁ አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን አመጣችላት። ወልድያ ውስጥ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ዝግ፣ የደሴ መንገድ ዝግ፤ ከየት እንዳገኘችው አልጠየቅኩም። “ሙቀት እንዳይነካው፤ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቅበረው። ሌላ አላገኝም” አለችኝ።

ግቢያችን ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የእኔ ድንጋይ። ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ሾፌሮችን እየለመንኩ ከላስታ ደጋ ያስመጣኋቸው፣ ውርጭ የለመዱ ተክሎች ያሉበት፤ ጦስኝ፣ ጅብራ፣ ስሟን የማላውቃት አንዲት ነጭ አበባ። ከግድግዳው ጥላ ሥር ድንጋይ ከምሬ፣ ጠጠርና አሸዋ ሞልቼ የተከልኳቸው ናቸው። እታፈራሁ “ድንጋይ አጠጪው” እያለች ስታላግጥብኝ ኖራለች።

ማክሰኞ

ጅብራውን ነቀልኩት። የብልቃጧ ማሰሮ የምትገባበት ቦታ ሌላ የለም። ስንት ዓመት አሳድጌው ገና ስንዝር ነበር፤ ሥሩ ተበጣጠሰ። ቆርቆሮ ውስጥ መልሼ ተክዬዋለሁ፤ የሚተርፍ አይመስለኝም። ብልቃጧ በፌስታል ተጠቅልላ ማሰሮ ውስጥ ገባች፤ ማሰሮዋ አሸዋ ውስጥ። ጠዋትና ከሰዓት ውሃ ማጠጣት ነው። ውሃው ከምንጭ በጀሪካን ነው የሚመጣው፤ ወይ ወገቤ!

ረቡዕ

ጣጣ መጣ። ጦስኝ ውሃ አይወድም። ድንጋይ መሀል ደርቆ የሚኖር ነገር ነው፤ ሥሩ ከራሰ ይበሰብሳል። አንዱ ጥግ ጠቁሯል። የከሰዓቱን ውሃ ተውኩት። አንድ ቀን ምን ያመጣል?

ሐሙስ

እጄን ማሰሮዋ ውስጥ ብከት ውስጧ ለብ ብሏል። እታፈራሁ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ውሃ ውሃ ትላለች፤ ሽንት ቤት ትመላለሳለች፤ ድክም ብሏታል። ስኳሯ ወጥቷል ማለት ነው። መድኃኒቱን አበላሸሁት! ለቅጠል ብዬ!

ሲስተር ዘይነባ ብልቃጧን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና “አልደፈረሰም። ደህና ነው፣ ኢንሻአላህ” አለች። አልተጽናናሁም። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

ዓርብ

ጦስኙን በሙሉ ነቀልኩት። ነጯንም። አሁን የምሳሳለት ነገር ስለሌለ አሸዋውን እንደ ልቤ አጠጣዋለሁ።

ቅዳሜ

እታፈራሁ ጠዋት ወጥታ ባዶውን ድንጋይ አየች። የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። “ልጆችህን ምን አደረግካቸው?” አለች። የረቡዕን ነገር ነገርኳት፤ መድኃኒትሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለካ ቶሎ እንዳያልቅ ብላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግማሽ ግማሽ ነበር የምትወጋው!

ጮህኩባት። “አብደሻል እንዴ?” አልኳት። “አንተስ?” አለችኝ።

ዓይኔ እያየ ሙሉውን መጠን ተወጋች። ሲያልቅስ? እንጃ። ሲስተር ዘይነባ አፈላልጋለሁ ብላለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እታፈራሁ ውሃ የጠየቀችኝ አንዴ ብቻ ነው።