ዋናው ቃል ቀድሞ የተነገረበት የጋሽ ነጎድጓድ የሕይወት ታሪክ

ለጫማ ሰፊው ባለቤት፦ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከሁሉ በፊት ይህ እንዲነበብ ያዘዙት ሟቹ ወንድማችን ናቸው። የጫማ ሰፊው ባለቤት ይህን ከሰሙ በኋላ ተነሥተው ቢሄዱ ማንም ቅር እንዳይለው አደራ ብለዋል። የቀረው የሕይወት ታሪካቸው ነው። የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ነኝ፤ የሚነበበው ግን በእሳቸው ትእዛዝ በባለቤታቸው ድምፅ ነው።

ሁላችሁም በድምፃቸው ምክንያት ጋሽ ነጎድጓድ የምትሏቸው ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወንዙ በላይ ባለው ሰፈር ተወለዱ። በልጅነታቸው ሰማዩ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። ትልቅ ሰው ሆነውም የቤቱን ሶኬት ሁሉ ነቅለው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው እስኪያባራ ይጠብቁ ነበር። ይህን የምናገረው ለማሾፍ አይደለም፤ ደግሞ ትንሽ ለማሾፍም ነው። እሳቸው በእኔ ስንት ዓመት ሲያሾፉ ኖረዋል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ ድምፃቸው ባንድ ክረምት ጎርንኖ ተመለሱ፤ ከኋላ ወንበር ተነሥተው ምንባብ ሲያነቡ፣ ሰሌዳ ላይ ይጽፉ የነበሩት መምህር ሳይዞሩ “ይቅርታ፣ የወላጆች ስብሰባ ነገ ነው” ብለዋቸዋል። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በሬዲዮ ጣቢያ የካሴት ክፍል ተቀጠሩ። በሃያ ስድስት ዓመታቸውም ስለ አውሎ ነፋስ፣ ስለ በረዶና ስለ ድርቅ ዘጋቢ ፊልም የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት ተራኪ አድርጎ ወሰዳቸው።

ስቱዲዮው ከዳቦ ቤት በላይ ያለች፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነበረች። የሊጡ ማሽን እስኪቆም ይጠብቃሉ፤ ሰዓታቸውን ያወልቃሉ፤ ምራቅ አፋቸው ውስጥ እንዳይንጫጫ ፖም አንዴ ይገምጣሉ። ጫማቸው ግን ሲጥ ሲጥ እያለ ሥራ ያበላሽባቸው ነበር። ለዚህ መላ ያገኙላቸው ወንዙ ዳር ያለው የታችኛው መንገድ ጫማ ሰፊ ናቸው፤ ሶሉን አውልቀው፣ መሐሉ ጨርቅ ከተው፣ ድምፅ የማያሰማ ጫማ ሠሩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ። ጫማ ሰፊው ፊልሞቹን በቃላቸው ይዘው፣ ደንበኛ እግሩን ሲለካ ስለ ማዕበል ይተርኩለት ነበር።

ወንድማችን የታወቁበት ጥበብ ቁም ነገሩን ማቆየት ነው። ከሰማዩ ይጀምራሉ፤ ወፎቹ ዝም ይላሉ፤ እሳቸውም ዝም ይላሉ። ቤቱ በነፋስ የሚነቀለው መጨረሻ ላይ ነው። የድርጅቱ ባለቤት “አንተ እኮ ሰውን ወንበር ላይ ትቸነክራለህ!” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ይህን ምርቃት አድርገው ተቀበሉት።

በሠላሳ ዓመታቸው ባለቤታቸውን አገቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። ባለቤታቸው የስፖርት መምህርት ናቸው። ግቢ ሙሉ ተማሪ ያለ ማይክሮፎን ስለሚሰበስቡ ወንድማችን “ፊሽካዬ” ይሏቸው ነበር፤ በስልክ ሲነጋገሩም መስኮት ይዘጉባቸው ነበር። እዚህ ላይ አንባቢዋ ቆም ብላ ሕዝቡን ገላምጣ ትቀጥል።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። ከተማው ወንዙ ሲሞላ ሰውን የሚያስጠነቅቅ ድምፅ ማጉያ በእሳት አደጋ ጣቢያው ማማ ላይ ሲሰቅል፣ መልእክቱን እንዲቀዱ ወንድማችን ተጠየቁ። የውሃ መሐንዲሷ “ጋሼ፣ ‘ጎርፍ መጥቷል፣ ውጡ’ ቢሉ ይበቃል” አለቻቸው። እሳቸው ግን “የኔ ልጅ፣ ሰው የሚሰማው መጀመሪያ ልቡ ሲያዝ ነው፤ ለኔ ተይው” አሏት። ዕድሜያቸውንና ስማቸውን አክብራ ተወችው። የቀዱትም እንዲህ ይጀምር ነበር፦ “ሰማዩ ዝም ብሏል። ወፎች ወደ ዛፋቸው ተመልሰዋል። ከተራራው ማዶ ግን አንድ ነገር ነቅቷል...” ውጡ የሚለው መጨረሻ ላይ ነበር።

ጎርፉ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፊልማቸው በቴሌቪዥን በሚታይበት ሰዓት ነው። የታችኛው መንገድ ሰው ድምፃቸውን ሲሰማ አንድም አልደነገጠም። ሻይ ቤት የተቀመጡት አስተናጋጇን “ድምፁን ጨምሪው እንጂ!” አሏት። ጫማ ሰፊው መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ በራቸውን ተደግፈው ፈገግ እያሉ ያዳምጡ ጀመር። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው “ውሃ ነው፣ ና!” ብለው ቢጮኹ፣ “ቆይ፣ ዋናው ገና አልመጣም” አሏቸው። ሌላው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተረፈ። ጫማ ሰፊው አልተረፉም።

ማንም ወንድማችንን አልከሰሰም። ጎረቤት ሁሉ የተፈጥሮ ነገር ነው እያለ አጽናናቸው። እሳቸው ግን “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” ብለው አንገታቸውን ደፉ። ስቱዲዮ ተመልሰው አልገቡም። ፊልማቸው በቴሌቪዥን ሲመጣ ከክፍሉ ይወጡ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ሰው በድምፃቸው ሲያውቃቸው መንገዳቸውን ሳይጨርሱ ይወርዳሉ። ገበያ ለመሄድ ዳገቱን ዞረው በላይኛው መንገድ ያልፉ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም፣ አፈሩ።

አንድ ጊዜ ግን ቆርጠው ሄዱ። እኔም አብሬ ነበርኩ። የጫማ ሰፊው ባለቤት በር ሲከፍቱ ወንድማችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና “በዚያች ዕለት ሰማዩ...” አሉ። በዚያው በፊልሙ ድምፅ። አስበውበት አይደለም፤ ሌላ አነጋገር ጠፍቶባቸው ነው። ሴትዮዋ ጥቂት አዩዋቸውና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ቤት እንደገቡ ባለቤታቸውን “ነገ ወደ ማማው ሄደሽ መልእክቱን አንቺ ቅጂው። እንደምትጮኺው አድርገሽ” አሏቸው።

ወንዙ እንደገና የሞላ ዕለት የታችኛው መንገድ ሰው “ውጡ! ውጡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?” የሚለውን ጩኸት ሰምቶ፣ ከፊሉ ማንኪያ እንደያዘ፣ ዳገቱን ወጣ። የቀረ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ነጎድጓድ ነበር፤ ወንድማችን ግን ብርድ ልብስ አልተከናነቡም። ዳገቱ አናት ላይ በዝናብ ቆመው የሚወጣውን ሰው ያዩ ነበር። የጫማ ሰፊው ባለቤት በአጠገባቸው ሲያልፉ ወንድማችን መሬት መሬት አዩ።

በኩላሊት ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ከማረፋቸው በፊት ያሉኝ ይህን ነው፦ “የሕይወት ታሪኬን እንደኔ እንዳትጽፊው። ዋናውን አስቀድሚ።” ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ነጎድጓድ ከማይሰማበት ያሳርፍልን፤ የጫማ ሰፊውንም ነፍስ እንዲሁ።

የጫማ ሰፊው ባለቤት እስከዚህ ድረስ ተቀምጠው ሰምተው ከሆነ፣ እባክዎ፣ ከወንድማችን ሬሳ አጠገብ ያለው ወንበር የተያዘው ለእርስዎ ነው።